የሲሚንቶ ዋርካ

ሰሞኑን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንድ አዲስ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ከማለቴ ብድግ አልኩ። መቀመጫው ፈጀኝ! ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። ጎንበስ ብዬ ሳየው የተቀመጥኩት የዛፍ ጉቶ ላይ ነው። ቅርፊት አለው፣ ጉጥ አለው፣ ከጎኑ የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጉማጅ ብቅ ብሏል። በጣቴ አንኳኳሁት። የእንጨት ድምፅ የለውም። ሲሚንቶ ነው፤ ቡናማ ቀለም የጠጣ ሲሚንቶ።

«ዋርካ ነው ጋሼ» አለችኝ አስተናጋጇ፣ ግራ መጋባቴን አይታ ልታግዘኝ ፈልጋ።

ዋርካ! ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ስድስት ጉቶ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የቆሻሻ መጣያ፣ መሐል ላይ ደግሞ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ጣሪያውን የተሸከመ የሚመስል ትልቅ ግንድ (የተሸከመው ግን ከውስጡ ያለው ብረት ነው)። ሁሉም ሲሚንቶ። የጉቶዎቹ ገጽ ላይ ሠዓሊው የዛፉን የዕድሜ ቀለበት ስሎበታል። ቀለበት ግን አይደለም። ከመሐል ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዳር የሚወጣ አንድ መስመር ነው፤ ማታ ማታ ለወባ ትንኝ የምናጨሰውን አረንጓዴ ጥቅልል የመሰለ።

ያን ጠመዝማዛ መስመር የሳለውን ሰው አልተቀየምኩትም። የታዘዘውን ሠርቶ እንጀራውን በላ። መስመሩ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ይህ ሰው የተቆረጠ ዛፍ ገጽ ቀርቦ አይቶ አያውቅም። ያዘዘውም፣ የከፈለውም፣ በምረቃው ዕለት ያጨበጨበውም፣ እላዩ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣውም አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ካየም አላስተዋለም።

አባቶቻችን «ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ሲሉ የቁልቁለቱ መጨረሻ እምቧጮ መስሏቸው ነበር። እምቧጮ እኮ ቢያንስ ሕይወት አለው። ቅጠል ያወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይለመልማል። እኛ እሱንም አልፈን ወረድን።

ከካፌው ተነሥቼ በእግሬ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ፣ በአንድ ብየዳ ቤትና በአንድ ጎሚስታ መሐል፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቦታ አንድ ወጣት እንጨት ይፈለፍላል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር ሳልጎበኘው አልመለስም። ስሙን አልጠራም። እንዳልጠራው ለምኖኛል፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። በዚያ ቀን ፊት ለፊቱ ያቆመው የዋንዛ ግንድ ነበር።

ዋንዛዋ የሰፈሩ ነበረች። አምና መንገድ ሲሰፋ ተቆረጠች። መቆረጧን አልከራከርም፤ ሰዉም ባጃጁም ማለፊያ ይሻል። የምከራከረው ከተቆረጠች በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። በዚያው ዕለት ቅርንጫፎቿ ለማገዶ ተከፋፈሉ። ግንዷን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሊወስደው ዋጋ ሲነጋገር ልጁ ደረሰ። ኪሱን አራግፎ የታችኛውን ቁራጭ፣ ባላ ሆኖ ለሁለት የሚከፈልበትን፣ ገዛ። የቀረው እቶን ገባ። የሰፈሩ ልጆች ጣት የሚያጣብቀውን ጣፋጭ ፍሬዋን እየለቀሙ ያደጉባት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ አበባዋን መሬት ላይ የምታነጥፍ፣ ንብ የሚርመሰመስባት ዛፍ የጥቂት ቀን ዳቦ ሆና አለቀች።

ልጁ ቁራጩን ወስዶ ምን አደረገ? ምንም። ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀባና ጥላ ውስጥ አስተኛው። ወራት አለፉ። «እርጥብ እንጨት ከፀሐይ ጋር ካገናኙት ከጫፉ ይሰነጠቃል ጋሼ» አለኝ። «ውኃው ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ሲያጣድፉት ይቀደዳል።» መሮ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ አልነደፈም። ግንዱን እያዟዟረ ሲያየው ሰነበተ፤ በስተመጨረሻ ባላዎቹ ሁለት ሴቶች ሆኑ። ከወገብ በታች አንድ ግንድ ናቸው፣ ከወገብ በላይ ሁለት። አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ጆሮ ዘንበል ብላለች፤ የምትነግራት ነገር እንዳላት ከአንገቷ ያስታውቃል። ጉጡን ጠርቦ አላጠፋውም፤ የአንዷ ክርን ሆኗል። ዛፏ ድሮ ወደ ግራ ዘምማ ያደገችበት ጉብጠት የሌላዋ ዳሌ ሆኗል። እኔ እዚያ በደረስኩበት ሰዓት ግን ልጁ ተናዶ ነበር። መሮው ውስጥ ከተደበቀ ሚስማር ጋር ተጋጭቶ ስለቱ ጎርዷል። «ማነው ዛፍ ላይ ሚስማር የሚመታ?» እያለ ያጉረመርማል።

ይህን ሥራ ለካፌው ጌታ በ15 ሺህ ብር ሊሸጥለት ጠይቆት ነበር። ሰውየው ሳቀ። የሳቀው ሰው ለአንድ የሲሚንቶ ጉቶ የከፈለውን ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፤ በስድስት ሳባዛው የልጁን ዋጋ ሦስት እጥፍ አለፈ።

ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሻይ ጋብዞኝ በቅንነት አስረዳኝ። «እኔ ተፈጥሮ ስለምወድ ነው እንዲህ ያሠራሁት» አለኝ። «እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ዘለዓለማዊ ነው።»

ዘለዓለም! ዘለዓለምን ካነሣን እስቲ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደን ኮንሶ እንግባ። የኮንሶ ሰዎች የተከበረ ሰው ሲሞት ዋካ ያቆሙለታል። ዋካ ከጥድ እንጨት የተጠረበ የሰው ምስል ነው። ሟቹ መሐል ይቆማል፤ ሚስቶቹ አጠገቡ ናቸው፤ በሕይወት ሳለ የገደለው ጠላት ወይም ነብር ካለ እሱም ተቀርፆ ከጎኑ ይቆማል። የአንዳንዱ ዓይን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠራ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ደክመው የት ያቆሙታል? ሜዳ ላይ! ጣሪያ የለው፣ መስታወት የለው። ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፊቱ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። የቀረፁት ሰዎች እንጨት እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር? ከካፌው ጌታ የበለጠ ያውቃሉ። የሟቹ መልክ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር አብሮ እንዲያረጅ መተዋቸው ነው። እኔ እንዲህ ነው የማነበው።

ዋካ ዘለዓለም እንዲኖር የፈለገው ሌላ ሰው ነው። ሌባው። በተለይ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዋካ ከመቃብር እየተነቀለ ለዕቃ ነጋዴ ይሸጥ ጀመር። የሰው አባት ምስል ከተማ ገብቶ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጎን ቆመ። ከሌቦች እጅ የተያዙት ዛሬ ካራት በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ እርከኑና ስለ ካብ ግንቡ ብዙ ካለ በኋላ፣ ዋካ ሊጠፋ የተቃረበ የቀብር ወግ ሕያው ምስክር ነው ብሎ ጻፈ። ሕያው ምስክር የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኮንሶ ሌላም ነገር አለ። በመንደሩ አደባባይ፣ ሞራ በሚሉት፣ ኦላሂታ የሚባል ረጅም የትውልድ ምሰሶ ይቆማል። ኃላፊነት ከአንዱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ ሲተላለፍ የጥድ ግንድ ተቆርጦ ይተከላል። ምሰሶውን የሚቆጥር የመንደሩን ዕድሜ ይቆጥራል። ዩኔስኮም የኮንሶን ባህል ዕድሜ ሲገምት 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ይለዋል። ጥዱ ከየት ይመጣል? የጎሳ አባቶች ቤት ባለበት አካባቢ በክብር የተጠበቀ ደን አለ። ድንጋያማ፣ ደረቅ፣ ዝናብ የሚያታልልበት አገር ላይ ያ ደን ቆሟል። ልብ በሉ፤ ደኑ የቆመው እንጨት የማይነካ ሕዝብ ስለሆኑ አይደለም። እንጨትን ለምን እንደሚነኩ ስለሚያውቁ ነው። ለቁም ነገር የሚፈልገው ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን ይጠብቃል። እኛስ? ዛፍን የምንፈልገው ለጥላና ለከሰል ነው፤ ጥላውን ደግሞ ሸራ ይተካዋል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ሳወራለት አፌን አስያዘኝ። የታሪክ ሰው ነው፤ ነገር ሲያገኝ አይለቅም። «አክሱምስ?» አለ። «አክሱም እኮ ድንጋዩን እንጨት አስመስሎ ነው የጠረበው። ያን ጊዜ ካፌ ቢኖር ኖሮ ስለ ሐውልቱም አምድ ትጽፍ ነበር?»

እውነት አለው። የአክሱም ትላልቅ ሐውልቶች ባለ ፎቅ ቤት ናቸው፤ በር አላቸው፣ መስኮት አላቸው፣ በየፎቁ ከግድግዳው ብቅ ያለ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ አላቸው፤ «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው። ድንጋይ እንጨትን ሲመስል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ግን ወዳጄ፣ ያ ድንጋይ ጠራቢ እኮ እንጨቱን ያውቀዋል! አግዳሚው ግድግዳውን በስቶ የት እንደሚወጣ፣ ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ ምን እንደሚሸከም አሳምሮ ያውቃል። በዘመኑ ቤት የሚሠራው እንደዚያ ነበራ! የማያምን ደብረ ዳሞ ይውጣ፤ እውነተኛው የዝንጀሮ ራስ፣ እንጨቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ብቅ ብሎ ዛሬም ይታያል። አክሱም የሚያውቀውን ነው ወደ ድንጋይ የተረጎመው። ተርጓሚ ዋናውን ቋንቋ ማወቅ አለበት። የእኛ ሲሚንቶ ግን ዋናውን ሳያነብ የተረጎመ ነው፤ ለዚህ ነው ቀለበቱ ጥቅልል የሆነበት።

ሲሚንቶም በራሱ ኃጢአት የለበትም። ናይጄሪያ ውስጥ ኦሾግቦ በምትባል ከተማ ዳር ኦሹን ለምትባለው የወንዝ አምላክ የተቀደሰ ደን አለ። ከ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ሱዛን ቬንገር የተባለች ኦስትሪያዊት ሠዓሊ እዚያ ገብታ፣ እንደ አደቢሲ አካንጂ ካሉ የአገሬው ቀራፂዎች ጋር ሆና፣ ዛፎቹ መሐል ግዙፍ የሲሚንቶ ምስሎች አቆመች። ምስሎቹ ደኑን ጠባቂ ሆኑለት። ዩኔስኮም በ2005 እ.ኤ.አ. ደኑን ከነምስሎቹ መዘገበው። እነሱ ሲሚንቶን ያመጡት ዛፉ እንዳይቆረጥ ነው። እኛ ዛፉን ከቆረጥን በኋላ ለተዝካሩ አመጣነው። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ ሌላ ልዩነት የለውም።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ምስክር ወዳለችው።

ሐዋሳ የፍቼ ጫምባላላ ከተማ ናት። በየዓመቱ ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ይመክራሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የምዝገባው ጽሑፍ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ምን ብለው እንደሚመክሩ ይዘረዝራል። ሥሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ ይላሉ። ከምን ራቁ ይላሉ? አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት። ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳነበው ዛፍ መቁረጥ ከሌብነትና ከሐሰት ምስክር ጋር አንድ መስመር ላይ ምን አገባው ብዬ ነበር። ያ ጉቶ ከፈጀኝ በኋላ ግን ገባኝ። የሲሚንቶ ዋርካ ሐሰተኛ ምስክር ነው። «እዚህ ቦታ ዛፍ ይወደዳል» ብሎ ይመሰክራል። «እዚህ ቤት ተፈጥሮ ይከበራል» ብሎ እጁን ይመታል። ደጃፉ ላይ ደግሞ እውነተኛዋ ዋንዛ ተቆርጣ ዳቦ ቤት ስትገባ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሣም።

ጣቴን ወደ ካፌው ጌታ ብቻ ልቀስር አይገባኝም። እሱ ነጋዴ ነው። እኔ ግን አስተማሪ ነበርኩ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ዛፉ እዚህ ላይ የምን ተምሳሌት ነው?» እያልኩ ተማሪ አስጨንቄአለሁ። የሕይወት ተምሳሌት ነው፣ የትውልድ ተምሳሌት ነው፣ የአገር ተምሳሌት ነው... ጥሩ ማርክ የሚያስገኝ መልስ ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ዛፉ ግን ምን ዛፍ ነው መምህር?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ሴሚስተር ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ደህናው ያ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ፣ ጥላው ሰሌዳዬ ላይ የሚያርፍ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ስሙን አላውቀውም ነበር። አሁንም አላውቀውም፤ ተቆርጧል።

እኛ የተማርነው እንዲህ ነን። ችግኝ ተከላ ላይ ኮፍያ አድርገን ፎቶ እንነሣለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ቁጥሩን በቃላችን ያዝን። የተከልነውን ችግኝ ስም ተጠይቀን ግን ስንቶቻችን መለስን? ጥድን ከፈረንጅ ጥድ፣ ዝግባን ከጥድ፣ ወይራን ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ካለ አንድ ቡና በእኔ ሂሳብ፤ በቅጠሉ መለየት ያቃተው በእንጨቱ እንዴት ይለየዋል? ድሮ «ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» ይባል ነበር። ሹመቱን እንተወው፤ ከእንጨት መምረጥ ራሱ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ዋንዛ ለከበሮና ለቀፎ፣ ወይራ ለጭራና ለመቋሚያ፣ ዝግባ ለሣንቃ። እያንዳንዱ ለምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

እነዚያን ሰዎች ምን አደረግናቸው? ልጁ ስሜን አትጥራ ያለበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሽት ሥራውን ጨርሶ መሮውን በዘይት እየወለወለ፣ ቀና ሳይል «አያቴ እንጨት ሠሪ እንደነበሩ እቤታችን አይወራም» አለኝ። አይወራም! አባቱ መሬት ሸጦ ያስተማረው ከዚያ ስም እንዲወጣለት ነበር። በዚህች አገር እንጨት የሚጠርበውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ምን እያልን ስንጠራ እንደኖርን እናውቃለን። ጉራጌ አገር ያንን ድንቅ ክብ ቤት ከነምሰሶው ያቆም የነበረውን ባለሙያ «ፉጋ» ብለን፣ ቤቱን አሠርተነው ስናበቃ ማዕዳችን እንዳይቀርብ ከለከልነው። በአንድ እጃችን ከበሮውን ተቀብለን በሌላው ሰውየውን ገፋነው። ዛሬ ስድቡ አፍ ላይ ቀነሰ እንጂ ዋጋው ላይ እንዳለ ነው። ያ የካፌ ሳቅ ምን መሰላችሁ? ቀራፂው ከአርት ስኩል ዲግሪ ይዞ፣ ስሙን በጋዜጣ አስጽፎ ቢመጣ ሰውየው አይስቅም ነበር። ዋጋ ይከራከር ነበር እንጂ። የሳቀው በእንጨቱ አይደለም፤ በእጁ ነው።

ለልጁ አንድ ጊዜ የጣሊያናዊውን ቀራፂ የጁሴፔ ፔኖኔን ሥራ በስልኬ አሳየሁት። ፔኖኔ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመጋዝ ቤት የወጣ ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን አግዳሚ ያመጣና አንዲት የዕድሜ ቀለበት መርጦ፣ እሷን ተከትሎ የላዩን እያነሣ ይፈለፍላል። የቅርንጫፉን መነሻ ጉጥ ሲያገኝ ይዞራታል። በስተመጨረሻ ከአግዳሚው ውስጥ ዛፉ ወጣት ሳለ የነበረው መልክ፣ ቀጭን፣ ከነቅርንጫፉ ቆሞ ይወጣል። እኔ ንድፈ ሐሳቡን ላስረዳው ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ልጁ ስልኩን ጠጋ አድርጎ አየና «ልጅየውን ከሽማግሌው ውስጥ አወጣው» አለ። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ። ምን ልጨምርበት?

የደን ባለሙያ የሆነ ሌላ ሰው ደግሞ ተቆጣኝ። «አንተ የምትለው ቅርፃ ቅርፅ ቢስፋፋ የቀረችንን ዋንዛ ይጨርሳታል፤ ሕግም አለ» አለ። ሕጉን አውቀዋለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ደግ አደረገ። እኔ ግን ማንም ጫካ ይግባ አላልኩም። እያወራሁ ያለሁት ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፈቃድ ስለሚቆረጠው ዛፍ ነው። ለመንገድ የሚቆረጥ አለ፣ ለሕንፃ የሚቆረጥ አለ፣ አርጅቶ በክረምት ነፋስ የሚወድቅ አለ። ያ ግንድ የት ይሄዳል? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ወይ «ማገዶ» ይለኛል፣ ወይ ትከሻውን ይነቀንቃል። አንድ ቀራፂ እኮ በዓመት ሁለት ግንድ ካገኘ ሥራ ሞላው! ጫካውን የጨረሰው መሮ አይደለም፤ ከሰሉና መጋዙ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ በጀት አያስፈልገውም። በከተማ ውስጥ ትልቅ ዛፍ የሚቆረጥበት ቀን ሲወሰን ለእንጨት ሠሪዎች ይነገር። ግንዱን እንዲገዙ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ዋጋውም የማገዶ ዋጋ ይሁን። ሆቴል የሚሠራ፣ ካፌ የሚከፍት፣ አደባባይ የሚያስውብ ሁሉ የሲሚንቶ ጉቶ ከማዘዙ በፊት በአካባቢው መሮ የያዘ ሰው ይኖር እንደሆነ አንድ ቀን በእግሩ ዞሮ ይጠይቅ። ትምህርት ቤቶችም ልጆቹን «የዛፍ ጥቅሞች» የሚለውን ከማስሸምደዳቸው በፊት በግቢያቸው ያለውን ዛፍ ስም ይንገሯቸው። ቱሪስቱም «የኢትዮጵያ ቅርስ» ተብሎ የኬንያ ቀጭኔ ከሚሸጥለት... ይኼንን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ደሜን ያፈላዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሐዋሳ የምወጣበት ቀን ልሰናበተው ሄድኩ። ሁለቱን ሴቶች በብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ፣ ቫርኒሽ ሳይነካቸው ዘይት ብቻ አጠጥቶ ደጅ አውጥቷቸዋል። ገዢ ገና አልመጣም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሁለት እናቶች ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። አንደኛዋ ዞረው ዞረው አዩትና «ይቺ እኮ የእኛዋ ዋንዛ ናት!» አሉ። እንዴት አወቁ? ጉብጠቷን አውቀውት ነው። ቀጥለው እጃቸውን ሰደዱና በቀኝ በኩል ከተቀመጠችው ሴት ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ ዝገት ያጠቆረውን፣ ልጁ ሊያጠፋው ሞክሮ የተወውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«ሚስማሬ!» አሉ። «የልብስ ማስጫ ገመዴን የማስርበት። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው የመታሁት፤ የሽንት ጨርቁን የማሰጣበት ቦታ ቸግሮኝ።»

ልጁ መሮዬን ያጎረደው እርስዎ ነዎት እንዳይላቸው ፈርቼ ነበር። አላላቸውም። በርጩማውን ከውስጥ አወጣና አስቀመጣቸው። ልጃቸው አሁን 23 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሳቸው ሚስማሩ የነበረበትን ቦታ እየነኩ ስለ እሱ ሲያወሩ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና አመለጠኝ።